ስፒል በከንፈር

የስፌት ክፍሉ መስኮት ወደ ግቢው ይከፈታል። ከግቢው ማዶ የተመላላሽ ሕሙማን አዳራሽ አለ፤ በመካከሉ ታጥበው የተሰጡ አንሶላዎች ነፋስ በነካቸው ቁጥር ደረታቸውን እየነፉ፣ መልሰውም እየተነፈሱ ይውላሉ። ልብስ ሰፊዋ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ መስኮት ፊት ለፊት ተቀምጣ የሐኪም ጋዋን ጠቅማለች፣ የቀዶ ጥገና ጨርቅ ዘምዝማለች፣ መሀሉ የሳሳ አንሶላ ለሁለት ቀድዳ ዳር ለዳር ገጥማለች። አረንጓዴ ጨርቅ ሲበዛ ዓይን ያፈዛል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በጨርቁ ክምር ላይ ስታርፍ ክፍሉ ሐይቅ ውስጥ የሰጠመ ቤት ይመስላል፤ እሷም እዚያ ሐይቅ ውስጥ ቁጭ ብላ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች፣ ታልማለች። የእጅ ሰዓት አስራ አታውቅም። ሰዓቷ ከማዶ የሚመጣ ድምፅ ነበር።

ድምፁ የባሏ ነው። ባሏ በአዳራሹ በር ላይ ቆሞ የሕሙማኑን ተራ በቁጥር የሚጠራ ሰው ነበር፤ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሁሉ «ደወል» ይለዋል። «ሠላሳ ሦስት፣ ይግባ» ማለት ለሌላ ሰው ተራ ነገር ነው። ለደወል ግን ደረጃ መውጣት ነበር። «ሠላሳ»ን ከምድር ያነሳዋል፤ «ሦስት» ላይ አንድ እርከን ከፍ ይላል፤ «ይ» ላይ ጣራውን ይነካና «ግባ»ን እንደ ላባ እያንሳፈፈ፣ እያንሳፈፈ ያወርደዋል። ሦስት ደረጃ ወደ ላይ፣ አንድ ረዥም መውረጃ። ሕመምተኛው ሲጠራ የሚነሣው ሕመሙን ረስቶ ነው ይባል ነበር። አንዱ ጥርሱን የታመመ ሰው ቁጥሩ ሲጠራ ሰምቶ እንዳልሰማ ዝም አለ አሉ፤ ለምን ብለው ቢጠይቁት «እንዲደግመኝ ብዬ ነው» ብሎ አረፈው።

ልብስ ሰፊዋ ገና አዲስ ተቀጣሪ ሳለች፣ ያን ድምፅ ትሰማለች እንጂ ባለቤቱን አታውቀውም ነበር። አንድ ቀን እግሯ የስፌት መኪናውን እየረገጠ፣ እጇ ጨርቁን እየገፋ፣ አፏ ሳታዝዘው እንዲህ አለ፦

ስንቱን ሰው አስገባ ቁጥር እየጠራ፣
መቼ ይሆን ለኔ የሚደርሰኝ ተራ።

ያለችው ለጨርቁ ነው። ግን ግቢው ምስጢር አይቋጥርም። በማግስቱ ደወል በምሳ ሰዓት አንድ የሸሚዝ ቁልፍ በጥሶ ስፌት ክፍል መጣ። በሳምንቱ ሌላ ቁልፍ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ። የበሩ ዘበኛ፣ የደወል የልብ ወዳጅ ነውና፣ «ለመሆኑ የሚበጠሰው ቁልፍህ ነው ልብህ?» እያለ አላገጠበት። ስድስተኛው ቁልፍ ላይ ተጋቡ።

ቤታቸው ውስጥ ደወል ዝምተኛ ሆኖ ተገኘ። ቀን ሙሉ የሰው ተራ ሲጠራ የዋለ ጉሮሮ ቤቱ ሲገባ ማረፍ ይፈልጋል። «ያን…» ይላል፤ እሷ መጋረጃውን ትዘጋለች። «ዛሬኮ ያ…» ይላል፤ እሷ «ዘበኛው ደግሞ ምን አለህ?» ትለዋለች። እሱ ይጀምራል፣ እሷ ትጨርሳለች። እንዲህ ሆነው ሃያ አራት ዓመት ኖሩ። ልጃቸው አግብታ ከመውጣቷ በፊት፣ «በዚህ ቤት አባዬ ክር ነው፣ እማዬ ቋጠሮ ናት» ትል ነበር። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል። ፍቅር ሌላ ምን ይሆናል፤ የሰውን ክር ጫፍ ይዞ መቋጠር እንጂ።

አንድ ማለዳ፣ አርባ ስድስት ከተጠራ በኋላ፣ ከማዶ «አርባ…» የሚል መጣ። «ሰባት» አልመጣም።

እግሯ መርገጫው ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። መርፌው ጨርቁ ውስጥ ተተክሎ ቆመ። የቁጥሩን ጭራ ስትጠብቅ አንሶላዎቹ አንድ ጊዜ ተነፈሱ፤ ሁለት ጊዜ፤ ሦስት ጊዜ። አራተኛው ላይ መቀሷን እንደያዘች ሮጠች።

ስትሮክ ነው አሉ። የወደቀበት ደጃፍ ሐኪም የሞላበት ነበርና ነፍሱ ተረፈች። እግሩ ቆመ፣ ቀኝ እጁም ከወር በኋላ ማንኪያ መያዝ ጀመረ። ቃሉ ግን አልተመለሰም። ከዚያ ሁሉ ቃል መሀል አንዲት ብቻ ቀረችው፤ «እሺ።» ርቦሃል ሲሉት እሺ፣ ጠግበሃል ሲሉት እሺ። ዘበኛው ሊጠይቀው መጥቶ፣ ሠላሳ ዓመት ስትከራከረኝ ኖረህ ዛሬ ተረታህልኝ አለው። «እሺ» አለ ደወል። ሁለቱም ሳቁ። ዘበኛው ቆቡን እስከ ዓይኑ ዝቅ አድርጎ ወጣ።

የሚሰማውን ሁሉ ግን ይረዳ ነበር፤ ይህን ሚስቱ ታውቃለች። ዓይኑን ስታየው፣ ቃላቱ እዚያ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው፣ ካርዳቸውን ይዘው፣ ተራቸውን ይጠብቃሉ። የሚጠራቸው ነው የጠፋው።

ሆስፒታሉ የሚያስተምርም የሚመራመርም ነው፤ የምርምሩ ሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ አራተኛ ፎቅን የምታውቀው በጋዋኑ ነበር፤ የሌላው ፎቅ ጋዋን ደም ነክቶት ይመጣል፣ የዚያኛው ግን ኪሱ ላይ የእስክሪፕቶ ቀለም ፈስሶበት ነው። ከዚያ ፎቅ አንዲት የንግግር ሕክምና ተመራማሪ ወረደች። ዕድሜዋ ከልጃቸው ብዙ አይበልጥም፤ ጋዋኗ ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ ይጎድለዋል። አጠገባቸው ቁጭ ብላ ነገሩን አስረዳቻቸው። አንጎል እንደ ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ንግግር ያለበት የግራው ክፍል ጎርፍ ገብቶበታል፤ ዜማ የሚያድርበት የቀኙ ግን ደርቆ ተቀምጧል። ስለዚህ መናገር ያቃተው ሰው አንዳንዴ መዝፈን ይችላል። በአዲሱ ጥናት ሕመምተኛው አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን በዜማ ይላል፣ በግራ እጁ ጠረጴዛውን እየመታ፤ ራሱ ላይ በተደረገ ቆብ፣ ከረጠበ ስፖንጅ፣ ለስለስ ያለ ኤሌክትሪክ ወደ ቀኙ የአንጎሉ ክፍል ይሰደድለታል። አንጎሉ አዲስ መንገድ ጠርጎ እንደሆነ በትልቁ የኤም አር አይ መሣሪያ ከሕክምናው በፊትም በኋላም ይታያል። አርባ ሕሙማን፣ አሥራ ሁለት ሳምንት፣ አሥር ዓረፍተ ነገር። በስድስተኛው ሳምንት ላይ ቢያንስ ሦስቱን ብቻውን ያላለ ሰው ይወጣል፤ ወንበሩ ለቀጣዩ ይሰጣል።

ከዚህ ሌላ ሊሞከርለት የሚችል ነገር እንደሌለ ሌሎቹ ሐኪሞች ነግረዋታል። ለደወል የቀረችው ተራ ይህች ብቻ ነበረች።

ዜማው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ነው፤ ልክ የቤት በር መጥሪያ። «ው-ሃ ስ-ጡ-ኝ» ትላለች ተመራማሪዋ፤ ደወል አብሯት ይላል። እሷ ስታቆም እሱም ያቆማል፤ ጥላ ባለቤቱ ሲቆም እንደሚቆመው። ብቻውን እንዲሞክር ሲሰጠው፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ይላል፣ ከንፈሩ ይሞጠሙጣል፣ «ው…» ይላል። ያን ጊዜ ከጥግ በኩል ሚስቱ፣ «ውሃ!» ትላለች።

«እሺ» ይላል እሱ፣ ተገላግሎ።

ይህ ሦስት ሳምንት ቀጠለ። ተመራማሪዋ ወረቀቷ ላይ ዜሮ ስትጽፍ ከርማ፣ አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋን ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ። ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ እርስዎ ይቀበሉታል።»

«ልረዳው ብዬ ነዋ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ግን አንጎሉ የሚጨርስልኝ አለ ይልና ተመልሶ ይተኛል።»

ልብስ ሰፊዋ ደረጃውን ወርዳ ወደ ሐይቋ ገባች፤ አረንጓዴውን ጨርቅ ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ፍቅር ያለችው ነገር፣ እዚያ ላይኛው ፎቅ ሲደርስ ስሙ እንቅፋት ሆነ። እንዲያው ለዚህ ነው የኖርኩት አለች በሆዷ።

በማግስቱ አራት ስፒል ከንፈሯ መካከል ይዛ መጣች። ልብስ የሚሰፋ ሰው ጨርቅ ሲያያይዝ ስፒሉን የሚይዘው በከንፈሩ ነው፤ ያን ጊዜ ቤት ቢቃጠል አይናገርም፣ ከተናገረ ይውጠዋል። ሙያው መጀመሪያ የሚያስተምረው ዝምታን ነው። ለተመራማሪዋ ከሥራ ተጣድፋ የመጣች መሰላት። ደወል ግን አፏን አየ፣ ቆይቶ አየ፣ ገባው።

ስፒሉ የእሷን አፍ ዘጋ እንጂ የእሱን አልከፈተም። አምስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ወረቀቱ ላይ አሁንም ዜሮ ነበር።

በዚያ ሳምንት ልብስ ሰፊዋ መስኮቷ ጋ ተቀምጣ የቀዶ ጥገና ጨርቅ ትዘመዝማለች። ከማዶ ድምፅ የለም። በደወል ቦታ ቁጥር የሚያበራ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ቀይ ቁጥር ይበራል፣ ይጠፋል፣ ያንቀላፋው ሰው ተራው ያልፈዋል፣ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። እሷ ይህን ሁሉ በሕልም እንደሚያይ ሰው እያየች፣ እግሯ መርገጫው ላይ ይሠራል። ረገጥ፣ ረገጥ፣ ረገጥ፤ ከዚያ ረዥም። ረገጥ፣ ረገጥ፣ ረገጥ፤ ከዚያ ረዥም። ድንገት እግሯን አየችው። ጨርቁን ገልብጣ ዝምዝማቱን አየች። ስንት ዓመት ኖራለች እንዲህ ስትሰፋ? የዚህ ሆስፒታል አንሶላ ሁሉ፣ የታመመው ሁሉ የተከናነበው፣ በባሏ ጥሪ የተሰፋ ነው ማለት ነው።

ቀስ ብላ ሞከረችው። «ውሃ…» ከምድር። «ስጡ…» ከፍ። ከዚያ «ኝ…»፣ ጣራውን ነክቶ እንደ ላባ። ደግማ አለችው። ሦስተኛው ላይ ዘፈን ሆነ፤ አፏም እንደ ልጅነቷ ሳታዝዘው ጨመረበት፦

በሩ ቢዘጋበት ቁልፉም ቢጠፋበት፣
ዜማ መስኮት ሆነው ቃል የሚወጣበት።

ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች አራተኛ ፎቅ ወጣች።

ተመራማሪዋ ስትሰማ መጀመሪያ ፊቷ በራ፣ ከዚያ ጠቆረ። ጥናቱን ወደሚመራው ፕሮፌሰር ይዛት ገባች። ፕሮፌሰሩ ለስላሳ ድምፅ ያለው፣ ሲያስብ መነጽሩን በጋዋኑ ጫፍ የሚወለውል ሰው ነው፤ ያን ጫፍ ልብስ ሰፊዋ ሦስት ጊዜ አድሳዋለች፣ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ያወቀችው ገና ዛሬ ነው። ነገሩን አልደበቃትም። አርባው ሰው አንድ ዓይነት ዜማ ካልተሰጠው፣ የረዳው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ደወል የራሱን ዜማ ከያዘ ከአርባዎቹ ይወጣል፤ ውጤቱ በሌላ ወረቀት ለብቻው ይጻፋል እንጂ ከእነሱ ጋር አይደመርም። ቆቡ ደግሞ ለጥናቱ ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ ያለ ቆብ ይሆናል። ካልሆነም መመለሻ የለም። ተመራማሪዋ በመሀል ገብታ የምሳ ሰዓቴን እሰጣለሁ አለች።

«ጌታዬ፣» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ «እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሰውን በቁጥር ሲያስገባ ኖሯል። አሁን እሱ ከቁጥር ቢወጣ ምንም አይለው።»

«ምርጫው ግን የእርስዎ አይደለም፤ የእሱ ነው» አላት ፕሮፌሰሩ።

ደወልን ጠየቁት። ጥናቱ ውስጥ መቆየት ይፈልጋሉ ቢሉት፣ እሺ። መውጣት ይፈልጋሉ ቢሉት፣ እሺ። ሳቅ መጣ። ወዲያው ግን ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አወለቀ፤ ደወል መጀመሪያ ሲመዘገብም ፈቃዱን ሰጥቶ የፈረመው በዚህችው «እሺ» ነበር። ማንም ልብ አላለውም። ከወረቀት ጋር የሚኖሩ ሰዎች ፊርማ ሲያዩ ልባቸው ያርፋል።

ልብስ ሰፊዋ ከኪሷ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ አወጣች። አረንጓዴው እዚህ መቆየት ነው፣ ነጩ የራስህ ዜማ ነው ብላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። ደወል በግራ እጁ ነጩን አነሳ። በአጋጣሚ እንዳይሆን ብለው ቦታ ቀያየሩና ደግመው ጠየቁት። ነጩን አነሳ። ሦስተኛ ሊጠይቁት ሲሉ ነጩን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

የምሳ ሰዓት ትምህርት ተጀመረ። መጀመሪያ መማር የነበረባት ተመራማሪዋ ነበረች፤ ጥሪውን አታውቅበትም። ወደ ላይ መውጣቱ አላቃታትም፣ መውረዱ ግን እምቢ አላት፤ ላባውን እንደ ጡብ ጣለችው። ደወል ፊቱን አኮሳተረ። ደግማ ጣለችው። ጠረጴዛውን በግራ እጁ መታ። ሦስተኛ ጊዜ ስትጥለው ትዕግሥቱ አለቀና፣

«ይ-ግባ…» አለ።

እንደ ድሮው፤ እያንሳፈፈ። ሦስቱም ደንግጠው ቀሩ፤ ከሁሉም በላይ የደነገጠው እሱ ነው። ልብስ ሰፊዋ ስፒሏን ልትውጠው ምንም አልቀራት።

ከዚያ በኋላ ቃላቱ በተራቸው መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ቁጥሮቹ፣ ከዚያ ውሃ ስጡኝ፣ ከዚያ በሩን ዝጉ፣ ራሴን አመመኝ። ፕሮፌሰሩ አንድ ቀን በሩ ጋ ቆሞ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ ለሚቀጥለው ጥናት በተዘጋጀው ቅጽ ጠርዝ ላይ «ሰውየው የኖረበት ዜማ የትኛው ነው?» ብሎ ጻፈ። ተመራማሪዋ ግን ልቧ አላረፈም። ዜማ መሰላል ነው አለቻቸው፤ ጣራ ላይ ከደረሱ በኋላ መሰላሉን መተው አለ። ደወል ከተሰጡት ከአሥሩና ከድሮ ጥሪው ሌላ፣ ከራሱ ልብ የወጣ አንድም ነገር አላለም። ያለ ዜማም ከ«እሺ» በቀር ምንም አላለም። እንዲህ ከቀረ አሥር ዓረፍተ ነገር የሚዘፍን ሰው ነው የሚሆነው፤ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ የሚላት ነገር አይኖረውም።

አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገባ። ተመራማሪዋን ከዚህ በኋላ ሌላ ሕመምተኛ ይጠብቃታል።

የመጨረሻዋ ቀን ፀሐያማ ነበረች። የአራተኛ ፎቅ መስኮት ሰፊ ነው፤ ብርሃኑ ጠረጴዛው ላይ እንደ አዲስ አንሶላ ተዘርግቷል፤ ከታች በግቢው እውነተኞቹ አንሶላዎች ይተነፍሳሉ። ልብስ ሰፊዋ ጥግ ላይ፣ አራቱን ስፒል በከንፈሯ ይዛ ተቀምጣለች። ተመራማሪዋ የተዘጋ መስኮት ሥዕል አሳየችው፤ «መስኮቱን ክፈቱ» ነበር መልሱ።

ደወል ሥዕሉን አየ። «መ…» አለ። ቆመ።

ልብስ ሰፊዋ ቃሉን ታውቀዋለች፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ሙሉ ሆኖ ተቀምጧል፤ አንዴ ብትተነፍስ ያልቃል። ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯን አጥብቃ ገጠመች። እሱ ዞር ብሎ አያት። ሲያያት አንደኛው ስፒል ከንፈሯን ወግቶ፣ እንደ ቀይ ዶቃ ያለች አንዲት ጠብታ ደም ወጥታ ነበር።

ሥዕሉን ተወው። ግራ እጁ ጠረጴዛውን መታ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ስ…» አለ።

ተመራማሪዋ ወረቀቷን አየች። ከአሥሩ ውስጥ በዚህ ድምፅ የሚጀምር አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከፈተች። ሃያ አራት ዓመት ስትጨርስለት የኖረች ሴት፣ የዚህን መጨረሻ አላወቀችውም።

«ስፒ…ሉን…» ደረጃውን ወጣ። «አው…ጪው…» ብሎ ሊያንሳፍፈው ጀመረና መሀል ላይ ተወው። የሚያንሳፍፍበት ጊዜ አልነበረውም፤ ደሙ ወደ አገጯ እየወረደ ነው። ጎንበስ ብሎ ወደ እሷ ተጠጋና፣ እንደ ማንኛውም ባል፣ ቆጣ ብሎ፣

«ስፒሉን አውጪው አንቺ፣ ወጋሽ እኮ» አላት።

ተመራማሪዋ እስክሪፕቶዋን አነሳች፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ፈለገች፤ የሚጻፍበት መደብ አጣችለት። ገልብጣ በነጩ ጀርባ ላይ ጻፈችው።

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ብርሃኑ ላይ ደረደረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አፏ ባዶ ሆነ። በእነዚያ ሳምንታት ሁሉ የዋጠችው ቃል ከጉሮሮዋ እስከ ልቧ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል፤ የቱን እንደምትጠራ ጨነቃት። እሱ አልጨረሰላትም። ዝም ብሎ ጠበቃት።

«እሺ» አለችው።